ደረቁ ዳይፐር

ያን ቀን ጠዋት አጣቢዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የዳይፐሩን እሽግ ከአልጋው ሥር ጎትታ በእጇ መዘነችው። ከሌሊቶቹ በቀር አልቀለለም። ትናንትም መዝናው ነበር፣ ከትናንት በስቲያም። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ባላት፤ የዳይፐር ዋጋ እንደሆነ አንዴ ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረዱን እንደረሳ ድመት ነው። እሷ ግን እሽጉን መልሳ የገፋችው በፍርሃት ነበር። ምክንያቱም፣ ልጆቼ፣ ማታ ማታ ከሥራ ገብታ የልጇን ዳይፐር ስትፈታው ደረቅ ነው። እርጥበት የለው፣ ሽታ የለው፤ አሁን ከማሸጊያው የወጣ ነው የሚመስለው። ሌሊት እሷ ጎን ሲያድር ይሸናል፣ ያውም ደህና አድርጎ። በእረፍት ቀኗ ቤት ስትውልም ይሸናል። እሷ ሥራ በዋለችበት ቀን ግን የለም። ታዲያ ይህ ልጅ እናቱ ከሌለች አይሸናም ማለት ነው? ሰው በናፍቆት ይደርቃል ሲባል ሰምታለች፤ ሕፃንም እንዲህ ይደርቅ እንደሆነ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

ቤታቸው በአሮጌ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች። ከመጋረጃው ወዲህ የእሷና የባሏ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የአማቷ ፍራሽና አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣ። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከገዛ ቤቱ ይልቅ ጎማ የሚቀይርባቸውን ቦታዎች አጥርቶ ያውቃል፣ ልጁንም የሚያየው በስልክ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሁለት ሴቶችና የአንድ ሕፃን ነው። ሕፃኑን «አለቃ» ይሉታል፤ ድምፁን ባሰማ ቁጥር ሁሉም ሰው ከተቀመጠበት ስለሚነሣ። ያን ጠዋት አለቃ ሁለት እጆቹን እንደተማረከ ወታደር ወደ ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። አጣቢዋ ጡቷን አልባ ወተቱን በጡጦ ሞላች፣ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቆመች። ልትለብሳት የፈለገቻትን ሰማያዊ ቀሚሷን ዛሬም አጣቻት፤ ከጠፋች ሰንብታለች። ሌላ ለብሳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ አማቷ ነቅተው ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልትጠይቃቸው ፈልጋ ተወችው። አንድ ማታ ሞክራው ነበር፣ «እማዬ፣ ቀን ቀን ይሸናል?» ብላ። አሮጊቷ ቀና ሳይሉ «የማይሸና ሰው አለ እንዴ?» አሏት፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። አሁንም «በሉ ደህና ዋሉ» ብቻ ብላ ወጣች።

በነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል ክፉ ነገር የለም። አንዲት ነገር ላይ ብቻ ተነካክተዋል፣ እሷም ጨርቅ ናት። ልጁ ሊወለድ ሲል አሮጊቷ ከሩቅ ያችን የቆርቆሮ ሻንጣ አዝለው መጡ። ሻንጣው ሲከፈት እስከ አፉ ድረስ የሽንት ጨርቅ ነው፤ ነጭ አዲስ አቡጀዲ፣ ተቆርጦ፣ ዳር ዳሩ በእጅ ተዘምዝሞ፣ ተጣጥፎ። ዐይናቸው እየደከመ ስንት ቀን እንደሰፉት እግዜር ይወቀው። አጣቢዋ ግን ያን ጊዜ ሆዷ ከብዷታል፣ እግሯ አብጧል፤ ጨርቁን ስታይ የታያት ሳፋ ነው። የምትሠራው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው፤ የሰው አንሶላ፣ የሰው ፎጣ፣ የሰው ትራስ ልብስ ስታጥብ ትውላለች፣ ጣቶቿን በረኪና ሰንጣጥቋቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ በሆቴሉ ኮሪደር አንዲት እንግዳ ልጇን ስትቀይር በተከፈተ በር አይታ ነበር። ሴትዮዋ ዳይፐሩን ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣል አደረገችና እጇን ታጥባ ከልጇ ጋር ትስቅ ጀመር። አለቀ፣ በቃ። ያ ሳቅ ከአጣቢዋ ልብ አልወጣም። የእኔም ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው ብላለች፤ እጄ ለሱ ሲሆን ለሳፋ ሳይሆን ለጨዋታ ይሁን ብላለች። ይህን ሁሉ ብትናገረው ኖሮ አማቷ በገባቸው ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «በእኔ ቤት ጨርቅ አይታጠብም» የሚል ነው። አሮጊቷ ሻንጣውን ቀስ ብለው ዘጉት። የምራት ቤት ነውና ምን ይበሉ? ከዚያን ቀን ወዲህ ጨርቅ የሚባል ቃል በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ አቅፋ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ሕፃኑ ወተት ወተት ይሸታል። አጣቢዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጡቷ ግን አልዞረም፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጠበ። እንዲህ ነው ነገሩ፤ ሰውነት ሰዓት አያይም፣ የሥራ አለቃም አይፈራም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ እስክትወርድ ድረስ ስለዚያች ስለ ቀኗ አሰበች፤ ልጇ ያለ እሷ ስለሚውላት ቀን። ጠዋት ተኝቶ ትተወዋለች፣ ማታ ታጥቦ፣ ተቀይሮ፣ ዳይፐር ለብሶ ይጠብቃታል። በመካከሉ ምን እንደሚሆን፣ ስንቴ እንደሚስቅ፣ በምን እንደሚያለቅስ ምንም ምልክት የለም። ቤቱ ሁልጊዜ የተጠረገ ነው። ቆሻሻ መጣያውን እንኳ ከፍታ አይታለች፤ እሷ ራሷ ከጣለችው ከሌሊቱ በቀር ዳይፐር የለበትም።

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ እንፋሎቱ ጣራውን አልፎ የሚሄድበት ስላጣ ተመልሶ በሰው ላይ ይወርዳል። ልብስ ተኳሿን ሁሉም «ካውያ» ነው የሚሏት፤ ምላሷ ከምትተኩስበት ብረት የባሰ ስለሚያቃጥል። ያን ጠዋት አጣቢዋ እርጥብ አንሶላ ከማሽን አውጥታ ይዛው ቆማ ቀረች። ካውያ ከወዲያ ሆና አየቻትና፣ አንሶላውን በእንባ የምታለቅልቂው ከሆነ የውኃ ቆጣሪው ለምን ይቆጥራል አለቻት። ሌላው ሳቀ። አጣቢዋ አልሳቀችም። ካውያም ብረቱን አቁማ መጣችና ጠየቀቻት። አጣቢዋ ነገረቻት፤ እሽጉ እንደማያልቅ፣ ዳይፐሩ ማታ ማታ ደረቅ እንደሆነ፣ ልጁ ሳያስታውቅበት ታሟል ብላ እንደፈራች፣ እንዴት ብላ እንደምትጠይቅ እንዳልገባት። ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች።

«ኩላሊት እንዳይሆን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ነገ አትበይ።»

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን እሷም ከላይዋ ሰው አለባት፣ ከሰውየውም በላይ ሌላ ሰው አለ። የዛሬን ግማሽ ቀን በምን ትመልሺዋለሽ ብላ ጠየቀቻት። አጣቢዋ ሌላ ምን አላት? በእረፍት ቀኔ አለች። ያቺ የእረፍት ቀን እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ልጇን የምታይባት አንዲት ቀኗ ናት። እሷን ሰጥታ ልጇን ሐኪም ዘንድ የምትወስድበትን ግማሽ ቀን ወሰደች። ሽርጧን ስትፈታ ካውያ ንጹሕ ፎጣ አስጨበጠቻትና፣ ደረትሽን ሸፍኚ፣ የወተት ማመላለሻ መኪና መስለሻል አለቻት። በዚህ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረጃውን ሳትጨርስ ጠፋ።

ሰፈሯን በቀትር ያየችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ጨለማ ለብሳ ወጥታ ጨለማ ለብሳ ለምትገባ፣ በእረፍት ቀኗም ከቤት ለማትወጣ ሰው የገዛ መንገዷም እንግዳ አገር ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር እንዳለ አታውቅም ነበር። ከፎቁ አጠገብ ዛፍ አለ፣ አበባም አለው። ልጄ ይህን ዛፍ ያውቀው ይሆን? ብላ አሰበች፤ እኔ ሳላውቀው። ደረጃው ሥር ጫማ ሰፊው ተቀምጧል። በወጪ ወራጁ ጫማ ሰዉን የሚያውቅ፣ ጨዋታ የሚወድ ሽማግሌ ነው። ጫማዋን አይቶ ቀና አለና፣ «ምነው ልጄ፣ ዛሬ በፀሐይ? ባንዲራው እኮ ገና አልወረደም» አላት።

«የምን ባንዲራ ነው?»

ሽማግሌው ደነገጠ። ጥቂት ምስማሮች አንሥቶ ከንፈሩ መካከል ሰካ፤ አፉ ምስማር የሞላበትን ሰው መልስ ስጥ የሚለው የለምና። አገጩ ግን ሳያስበው ወደ ላይ፣ ወደ ፎቁ ጣራ ጠቆመ።

ክፍሏ ባዶ ነበር። ጡጦው ታጥቦ ተዘቅዝቋል። ወደ ጣራው የሚወስደውን ጠባብ ደረጃ ወጣች፤ ወጥታ የማታውቀው ደረጃ ነው። በሩን ስትገፋው ፀሐይና ነፋስ አንድ ላይ ተቀበሏት። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ትንንሽ ጨርቆች ይርገበገባሉ። ነጮቹ ያ አቡጀዲ ናቸው። በነጮቹ መካከል ደግሞ ሰማያዊ፣ ጥቃቅን ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ፣ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። አወቀችው። የመጨረሻዎቹን የእርግዝና ወራት የለበሰችው ቀሚሷ ነው፤ ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ እጅ በውስጡ የሚያሳይ። ተቆርጧል፣ ዳር ዳሩ በእጅ ተዘምዝሟል።

አማቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፣ አለቃን አዝለዋል። ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያነሡ መድረቃቸውን በጉንጫቸው ይለካሉ። ከዚያ ያችኑ ጨርቅ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ አድርገው የልጁን ጉንጭ ያስነካሉ፤ እሱም ያጉረመርማል፤ እሳቸውም «ደርቋል አልክ? እሺ ጌታዬ» ይሉታል። ሁለቱ ሥራ ላይ ናቸው። አጣቢዋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። መናደድ እንዳለባት ታውቃለች። ግን ከንዴቱ ቀድሞ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሌላ ቤት በመስኮት አጮልቆ ሲያይ፣ መብራቱን ሲያይ፣ የሚይዘው ዓይነት ነገር።

«እማዬ።»

አሮጊቷ ዞሩ። የልብስ መቆንጠጫው ከእጃቸው ወደቀ። መጀመሪያ የመጣላቸው ክፉው ነው፤ «ምነው ልጄ፣ አባረሩሽ?» አሉ።

አላባረሩኝም ልትል ፈለገች። ኩላሊቱን ታሟል ብዬ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው፣ እንቅልፍ ከተኛሁ ሰንብቷል ልትል ፈለገች። ወደ ገመዱ ብቻ ጠቆመች። «አይሸናም ብዬ ነው የመጣሁት» አለች፤ ከዚያ በላይ አልወጣላትም፣ እንባዋ ቀደማት።

ነፋሱ ጨርቆቹን ያማታል። አሮጊቷ ጥፋታቸውን ቀስ በቀስ ሲረዱት በፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀመጡ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ። ከዚያ እጃቸውን እያዩ ነገሯት። ሥራ የተመለሰች ሰሞን የልጁ ጭን በዳይፐሩ ቀልቶ፣ ሽፍ ብሎ ነበር። እሷም ማታ አይታው ሙቀት ነው ብላለች። እሳቸው ግን ቀን ቀን ሲለበልበው ሲያለቅስ የሚውለውን ያያሉ። ሻንጣቸውን ከፈቱ። ጨርቁን ሲያደርጉለት ተሻለው፣ ቆዳውም ተመለሰ። ከዚያ እንዴት ይንገሯት? በእኔ ቤት አይታጠብም ብላለች። ስለዚህ ከቤቷ ውጭ፣ ጣራ ላይ ያጥባሉ፤ እሷ ሳትመጣ ሰብስበው ሻንጣው ውስጥ ይከቱታል።

«ታዲያ ማታ ማታ ዳይፐሩን ለምን ያለብሱታል?» አለች አጣቢዋ።

«የገዛሽለትን ለብሶ ይጠብቅሽ ብዬ ነዋ» አሉ አሮጊቷ። «ያንን ሁሉ ደክመሽ አምጥተሽ፣ ልጁ ሳይለብሰው ብታገኚ ምን ይሰማሻል?»

እሷ በቅን ልብ ያመጣችው ልጁን አቃጠለ፣ እሳቸው በቅን ልብ የደበቁት እሷን አቃጠለ። አጣቢዋ መሬቱ ላይ ከፊታቸው ቁጭ አለች። ልትስቅ ፈለገች፣ ልትጮህም ፈለገች፤ የእረፍት ቀኗን ሰጥታ እንደመጣች ስትነግራቸው አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደስ እንዲልሽ ብዬ ሳስደነግጥሽ ከረምኩ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሉ። እሷም እጃቸውን ያዘች። ሁለቱም እጅ በሳሙና የተበላ ነው፤ ሲነካካ ሸካራ ከሸካራ ነው።

«ቀሚሴስ?» አለች በመጨረሻ።

አሮጊቷ አፈሩ። «አቡጀዲው አዲስ ነው፣ ለልጅ ገላ ገና አልለዘበም። ቤቱ ውስጥ የለሰለሰ ጨርቅ ብፈልግ ያንቺ ቀሚስ ብቻ። ደግሞ እሱ ሆድሽ ውስጥ ሳለ ነው የለበስሽው።» የወደቀውን መቆንጠጫ አንሥተው ቀጠሉ። «ቀትር ላይ ይፈልግሻል። በሩን እያየ ይነጫነጫል። ያንን ሳደርግለት ይረጋል። ያውቀዋል መሰለኝ። ባያውቀውም፣ እኔ ያውቀዋል ብያለሁ።»

አለቃን ከጀርባቸው አውርደው ሰጧት። እሱ ግን ከእረፍት ቀኗ በቀር በቀን አይቷት አያውቅማ፤ ማታ የሚያውቃት ሴትዮ በፀሐይ መጥታበታለች። ወደ ኋላው ተለጥጦ የአያቱን ትከሻ ፈለገ፣ ከንፈሩን ጣለ። አሮጊቷ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ይህቺ ቅጽበት ከሐኪሙ ፍራቻ ትከብድ ነበር። አጣቢዋ አላስገደደችውም። ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አበባ ያላትን ጨርቅ ከገመዱ አውርዳ በጣቶቿ መካከል ያዘች። አለቃ ጨርቁን አየ። እጇን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን ሲመረምር ቆየ፣ ልክ የቀጠራት እሱ ይመስል፤ ቆይቶ ቆይቶም ጉንጩን ደረቷ ላይ ጣለ፣ የተዘጋጀለትንም አገኘ።

ሐኪም ዘንድ አልተሄደም። ያ ከሰዓት በኋላ የሦስቱ ሆነ። ወደ ክፍላቸው ወርደው አሮጊቷ ፍራሻቸው ላይ ጨርቅ አነጠፉና ትምህርት ተጀመረ። አጣቢዋ ጨርቁን አንሥታ፣ በለመደ እጇ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈችው፤ ስታስረው ልጁ አንዴ ቢወራጭ እስከ ጉልበቱ ወረደ። አሮጊቷ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «ይሄ የሆቴል ነው» አሏት፣ «ይሄ ልጅ እንግዳ አይደለም።» ጨርቁን ከማዕዘን ማዕዘን አጥፈው፣ ጣታቸውን ከቆዳውና ከመርፌ ቁልፉ መካከል አስገብተው አሳዩአት። ልጁን ቢወጋ የእኔ ጣት ይቅደም ማለት ነው። ከዚያ ሌላም ነገር አሳዩአት፤ በዳይፐር ውስጥ ታይቶ የማይታወቀውን። አለቃ ሲጫወት ቆይቶ በድንገት ጸጥ አለ። አፉን ከፈተ፣ የረሳውን የድሮ ባልንጀራ ስም እንደሚፈልግ ሽማግሌ ግድግዳውን አየ። «አሁን» አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ። አጣቢዋ እጇን ከሥሩ አስገባች። ሙቀቱ ቀስ ብሎ በጨርቁ ውስጥ አልፎ መዳፏ ላይ መጣ። ስንት ቀን አስባ የፈራችለት ሽንት! ሳቀች፤ በሳቋ ልጁ ሳቀ፤ በሱ ሳቅ አሮጊቷ።

ስለ ጨርቅና ስለ ዳይፐር ማንም ፍርድ አልሰጠም። አሮጊቷ ብቻ፣ የምሽቱ ብርሃን ወደ መስኮቱ ሲያዘነብል፣ ለሌሊት ያንቺው ይሻላል፣ እንቅልፍሽን ይጠብቅልሻል፤ ይሄን አልክድም አሉ። አጣቢዋም የቆርቆሮ ሻንጣውን ከመጋረጃው ወዲያ ጎትታ ከአልጋዋ ሥር፣ ከእሽጉ አጠገብ አደረገችው። ታች ጫማ ሰፊው ዕቃውን ሲሰበስብ ይሰማል። ነገ በጨለማ ትወጣለች። የፊታችን የእረፍት ቀኗም ተሽጧል። ልጁ እንደገና ያለ እሷ ይውላል፤ ዛፉን ያያል፣ ጣራው ላይ ይወጣል፣ በሩን እያየ ይነጫነጫል፣ ግድግዳውን እያየ ያስባል። ይህን ሁሉ ማወቋ ናፍቆቷን አልቀነሰላትም። መልክ ሰጠው እንጂ።

አሮጊቷ የቀኑን እርጥብ ጨርቆች ሳፋ ውስጥ ሰብስበው እጅጌያቸውን ሰቀሉ። ውኃውን ሊያፈሱ ሲሉ አጣቢዋ ከኋላቸው መጣች።

«እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ አንዷን አይጠቧት። ለእኔ ያቆዩልኝ።»

አሮጊቷ ዞረው አዩአት፣ የተሰነጣጠቁትን ጣቶቿንም አዩ። «ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥቢ ውለሽ?»

«እሱ የሰው ነው» አለች።

አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። ነጮቹን አንድ በአንድ ከሳፋው አወጡ፤ አበባ ያላትን ብቻ ተዉአትና ሳፋውን በእግራቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።